ከኮምፖስት ቤታችን ሰሌዳው ስለተረፈልን

ለክቡር ቶሮሞን ቤኒያሚና
የታቦንካማ መንደር ምክር ቤት ሊቀ መንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሊቀ መንበር፣ የእናቴ ታላቅ እህት ልጅ በመሆንዎም ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና የልጅ ልጆችዎ ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በቅርቡ የወለደችው አሳማዎም ከነግልገሎቿ ደህና እንደሆነች በመንገድ ሳልፍ በዓይኔ ስላየሁ ስለ እሷ እንኳን ብዙም አልጨነቅም። በእኛ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ባለቤቴ ሚካኤሬም አለ፤ ካቻምና ስኳር በሽታው ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ከወሰደበት ወዲህ ቤት ተቀምጦ የሰው መረብ ይጠግናል። ከሰሞኑ ደግሞ በቀረው እግሩ ተረከዝ ላይ አንዲት የጠቆረች ነገር ወጥታለች። የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ኢዮአና ጎንበስ ብላ አየቻትና ዝም አለች። ሲስተር ኢዮአና ዝም የምትል ሴት እንዳልሆነች እርስዎም ያውቃሉ።

እንዲህ ያለውን ነገር በአካል መጥቶ መናገር እንጂ አደባባይ ላይ መለጠፍ የእህት ወግ እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ዳሩ ግን ወደ ቤትዎ ለአቤቱታ በመጣሁ ቁጥር አንድ ነገር ሰጥቼ ነው የምመለሰው። ባለፈው ስለ ቆርቆሮው ላነጋግርዎ መጥቼ አካፋዬን ትቼልዎት ሄድኩ። ወረቀት ግን «ቡቡቲ» ብለው በዝምድና ቢለምኑት የሚሰጠው ነገር ስለሌለው፣ በእኔ ፈንታ እሱን ልኬያለሁ።

ለማስታወስ ያህል፣ ምንም እንኳ ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ቢሆኑም፣ የኮምፖስት ቤቱ ለምን እንደተሠራ ልድገምልዎ። ባሕሩ ክፉኛ በሞላ ጊዜ መንገዱን ተሻግሮ ባባይ፣ ያንን እንደ ጎደሬ ያለ የአባቶቻችንን ምግብ፣ የምንተክልባቸውን ጉድጓዶች ሁሉ ጨው አጠጣቸው። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ሥሩ በሰበሰ። ከዚያ ወዲህ የምንበላው መርከብ የሚያመጣውን ነው፤ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ አሁንም ሩዝ። ሲስተር ኢዮአና የሚካኤሬን ግራ እግር ከሆስፒታል ስንመልስ፣ ማለቴ እሱን ያለ እግሩ ስንመልስ፣ በሩ ላይ ቆማ «ስሚኝ አሪቲታ፣ ሩዙን ቀንሺለት፣ ቅጠል አብሊው! ጎመን፣ የዱባ ቅጠል፣ ያገኘሽውን አረንጓዴ ሁሉ። ያለዚያ ሁለተኛውንም እናጣዋለን» አለችኝ። «ቅጠሉን ምን ላይ ላብቅለው እህቴ? አሸዋ ላይ?» አልኳት። በዚህ መንደር አሸዋና የኮራል ድንጋይ እንጂ አፈር እንደሌለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ድሃ አፈር አለን እንኳ አንልም።

ስለዚህ የሴቶች ማኅበራችን አፈሩን ራሳችን እንሥራው አለ። የመንደሩን የምግብ ትራፊ ሁሉ፣ የዓሣውን ሆድዕቃ፣ ከድስት ሥር የተፋቀውን ሩዝ፣ የዳቦ ፍሬውን ልጣጭ፣ ከማኔያባው፣ ከመሰብሰቢያ አዳራሻችን፣ ድግስ የሚተርፈውን፣ ከኮኮናት ገለባና ለአፈሩ ብረት ከሚሰጥ የዛገ ቆርቆሮ ጣሳ ጋር እየደረደርን ማብላላት ጀመርን። ከባሕር ማዶ የመጡ ደግ ሰዎች የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የሽቦ አጥርና አንድ የእጅ ጋሪ ሰጡን። ግድግዳውን ከባሕሩ ዳር በራሳችን ጭንቅላት በተሸከምነው ድንጋይ አቆምን። የመጀመሪያው ክምር በስሎ ሲገለጥ ቡኣንጋ፣ ያቺ ምላሷን የሚፈሯት ጎረቤቴ፣ እፍኝ ሙሉ ጥቁር አፈር ዘግና አሸተተችና «ሴቶች፣ ኑ አሽትቱ እንጂ! ይሄ እኮ ዳቦ ዳቦ ነው የሚለው!» ብላ ጮኸች። ሳቅን። ቀጥሎ ሁላችንም አለቀስን፤ በየቤታችን ስኳር ያለበት ሰው አለና። የመጀመሪያው አፈር ለማን እንደሚሰጥ ያለ ጭቅጭቅ የተስማማነው በዚያው ቅጽበት ነው፤ በሽተኛ ላለበት ቤት።

ቀጥሎ ያለው ምስጋናዬ ነው። ነገር እንዳይደበላለቅብኝ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ. ስለ ጣሪያው አመሰግናለሁ። አንድ ማምሻ ወደ ቤታችን መጥተው፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው፣ ስለ ነፋሱም ስለ ዓሣውም ስለ ሚካኤሬ ጤናም በትሕትና ጠይቀው ሲያበቁ፣ «እህቴ፣ ቡቡቲ ልልሽ ነበር የመጣሁት» አሉኝ። «አሳማዎቼን ፀሐይ ጨረሰብኝ እኮ። ያቺ ቆርቆሮ ደግሞ እንዲያው ለቆሻሻ ክምር ጥላ ከምትሆን...» አሉ። እናቴ ዘመድ ከልክላ አታውቅም፣ እናትዋም አታውቅም፤ ቡቡቲ ተብሎ የከለከለ ቤት በማኔያባው ስሙ ሲነሳ የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ይደፋሉ። አፌ «ይውሰዱ፣ ወንድሜ» አለ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር እኔ መሆኔን፣ ቡኣንጋም ዘመድዎ አለመሆኗን አጣርተው ወደ ትክክለኛው ቤት ስለመጡም የአስተዳደር ችሎታዎን አደንቃለሁ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ክምሩን አጥቦ ወደ ባሕሩ ወሰደው። ዓሣዎቹ ሳይወፍሩ አይቀሩም።

፪ኛ. ስለ ሽቦው። ግልገሎቹ እንዳይጠፉብዎ ጠይቀው ወስደዋል፤ ተገቢ ነው። እኛም አጥር ባይኖረን ምን ሊመጣ ብለን ነበር። የመጡት የእርስዎው ትልልቆቹ አሳማዎች ናቸው። ክምሩን ገልብጠው ሲቀምሱ አገኘናቸውና ቡኣንጋ በእንጨት ስታባርር፣ «ተይ እባክሽ፣ የሊቀ መንበሩ ናቸው!» ያላት ሰው ነበር። እሷም «እኔስ የማን መሆናቸውን መች አጣሁት፣ ምን ያህል እንደበሉ ነው የጠፋኝ!» ብላ መለሰች። ይህን የጻፍኩት ላስቀይምዎ ሳይሆን፣ አሳማዎችዎ የኮምፖስታችንን ጥራት መስክረውልናል ለማለት ነው።

፫ኛ. ስለ እጅ ጋሪው። እዚህ ላይ ብዕሬ ትንሽ ይከብደኛል፣ ይታገሡኝ። ጋሪው በሳምንቱ ቀናት ትራፊ ይሰበስብ ነበር፤ እሁድ ጠዋት ደግሞ እኔ በሳሙና አጥቤው፣ ምንጣፍ አንጥፌበት፣ ሚካኤሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን የማደርስበት ነበር። እርስዎ ይህን ያውቃሉ፤ በበሩ ላይ ቆመው «አቤት፣ የንጉሥ መኪና!» ብለው ያስቁን ነበርና። አንድ ቀን ግን ሊጠይቁት መጥተው፣ አጠገቡ ተቀምጠው፣ እጁን ይዘው አለቀሱ። ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ እንባዎን ጠርገው እኔን ሳይሆን እሱን፣ በሚስቱ በኩል አማች ቢሆንም እሱን፣ «ወንድሜ ሚካኤሬ፣ ቡቡቲ። የአሳማ ምግብ የምጭንበት አጣሁ» አሉት። ሚካኤሬ ወደ እኔ እንኳ ዞር አላለም። «ውሰደው ወንድሜ፣ እኔ ከእንግዲህ የት እሄዳለሁ?» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። እሁድ በመጣ ቁጥር መዝሙሩ በነፋስ ሲመጣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መረቡን ይጠግናል። ስለዚህ ነገር እንዴት እንደማመሰግንዎ ቃል አጥቻለሁ።

፬ኛ. ስለ ትራፊው ራሱ። ጣሪያ፣ አጥርና ጋሪ የሌለው ሰው ቢያንስ ቆሻሻ ይቀረዋል ብዬ አስቤ ነበር። እርስዎ ግን የትምህርት ቤቱን ወጥ ቤት የምትመራውን የእህትዎን ልጅ፣ የእንግዳ ማረፊያውን ባለቤት አማችዎን፣ ሌሎቹንም አንድ በአንድ በትዕግሥት ዞረው ቡቡቲ አሉ። ባዶ ባልዲ ይዤ የትም ብሄድ «አይ እማማ አሪቲታ፣ ዛሬማ ሊቀ መንበሩ ወስደውታል» ነው። በማኔያባው ይህን ሳነሳ፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ «ትራፊ ለአሳማ እንጂ ለአፈር ይሰጣል እንዴ? አፈር መቼ ታርዶ ይበላል?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። አባባልዎ ጥሩ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ፣ እኔም ሌላ ሴት ብሆን እስቅ ነበር። አሳማው ሲታረድ ማን እንደሚበላው መጠየቅ ግን በዚያ ሰዓት ከአፌ አልወጣም። ሚካኤሬማ ስብ ተከልክሏል።

፭ኛ. ስለ ነፃነት በዓሉ ሽልማትም እንኳን ደስ አለዎት። በመጀመሪያው ክምር የተገኘው አፈር ለበሽተኞቹ ቤቶች ሊታደል በከረጢት ተሞልቶ ቤቴ ነበር። ከዕደላው ቀን በፊት መጥተው «እህቴ፣ ጉድጓዴ ውስጥ ያለው ባባይ እየሞተ ነው፣ የአባቶቻችን ባባይ፣ ያንቺም እኮ ነው» አሉኝ። የአባቶቻችን ሲሉኝ ምን ልበል? ከረጢቶቹን ሁሉ ሰጠሁዎ። በበዓሉ ባባይዎን አራት ጎረምሶች በአጣና ተሸክመው ሲያመጡት መንደሩ ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እንዲህ ዓይነት ባባይ ከጨዉ ወዲህ ታይቶ አያውቅም። ዳኞቹ ምን እንዳበሉት ሲጠይቁዎ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ባባዩን የሚመግብበትን መንገድ ከጎረቤት እንደሚደብቀው በክብር ቀና ብለው፣ «ይሄ የአባቶቼ ምስጢር ነው። በዚህ አፌ አልናገረውም» አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ። የቤተሰብዎን ጥንታዊ ምስጢር፣ ማለትም የቡኣንጋን የዓሣ ሆድዕቃና የእኔን የሩዝ ድስት ቃጠሎ፣ እስከ ዛሬ ለማንም አለመናገሬን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ዛሬ ግን አመለጠኝ።

፮ኛ. ሰሌዳውን ስላልጠየቁኝ ደግሞ ከአንጀቴ አመሰግናለሁ። «የታቦንካማ ሕዝብ የኮምፖስት ማዘጋጃ» የሚለው ሰሌዳ ከነምሰሶው ቆሟል። እንግዶች ሲመጡ እርስዎ ከሰሌዳው አጠገብ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ ከሰሌዳው ኋላ ያለው ባዶ ድንጋይ በፎቶው እንዳይገባ ባለ ካሜራውን ወዴት እንደሚያስጠጉት ሳይ ይደንቀኛል። ለክብርዎ የሚስማማ ሰሌዳ ነው።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ እስካሁን እንደ ሥርዓቱ ስቄ ጻፍኩ። ከዚህ በኋላ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እኔ ፈርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት የሚካኤሬን ተረከዝ በሞቀ ውኃ ሳጥብ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ፤ ያቺ ጥቁር ነገር ሰፍታ እንደሆነ ማየት አልችልም። እሱም ስለሚያውቅ «ምን አዲስ ነገር አለ?» እያለ ስለ መንደሩ ወሬ ይጠይቀኛል፣ እንዳላለቅስ። ከመርከብ የሚወርደው ጎመን ሲደርስ ቢጫ ነው፣ እሱም ለእኛ ሳይደርስ ያልቃል። ከከረጢቶቹ ሥር ጠርጌ ባገኘሁት አፈር ደጄ ላይ ዱባ ተከልኩ። የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታክል ቅጠል አወጣና ቆመ። ያቺን ቅጠል ቆርጬ ሩዙ ላይ አደረግሁለት። «ጣፈጠኝ» አለኝ። አንድ እግር ያለው ሰው ይዋሻል፣ ለእኔ ሲል። ሁለቱንም ያጣ እንደሆነ ማን ሆኖ እንደሚነሳ አላውቅም፤ በቀረችው ዕድሜያችን እሱን ተሸክሜ ልኖር አቅም አለኝ፣ ተስፋው ከተቆረጠ ግን እሱን የሚሸከምልኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ልለምን ወደ እርስዎ ሰፈር መጥቼ ነበር፤ ሌሎች እንግዶች ስለነበሩብዎ በአሳማዎቹ በረት በኩል ዞርኩ። እዚያ ቆምኩ። ጣሪያው የእኛ ጣሪያ ነው፣ በአንደኛው ቆርቆሮ ላይ ቡኣንጋ በሚስማር የጻፈችው ስሟ አለ። ሽቦው የእኛ ሽቦ ነው። ጋሪው ጥግ ላይ ቆሟል፣ ምንጣፉ እንኳ በውስጡ ነበር። የመንደሩ ትራፊ በየቀኑ እዚያው ይደፋል፣ ከአዛባውና ከኮኮናት ገለባው ጋር እዚያው ይብላላል። ሥሩን በጣቴ ጫር አደረግሁት፤ ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣ ዳቦ ዳቦ ይላል። በአጥሩ ላይ ማንም ያልተከለው ዱባ ተጠምጥሞ፣ ቅጠሉ ሰፌድ አክሎ፣ አሳማዎቹ ሳይቀር ሰልችተውት ይረግጡታል። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅ መጣብኝ። የኮምፖስት ቤታችን ፈረሰ እያልኩ ዓመት ሙሉ ስንጨረጨር የኖርኩት ለካ ምንም አልፈረሰም። ሰፈር ብቻ ነው የቀየረው።

የሰጡትን መልሱ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አልልም። ጣሪያውን አልጠይቅም፣ ሽቦውን አልጠይቅም፣ ጋሪውንም አልጠይቅም። ሚካኤሬም ይህን ቢሰማ «ተዪው፣ ወንድምሽ ነው፣ ያፍራል» ይለኛል። ስለዚህ እንደ እህት፣ በአያታችን ስም፣ በመንደሩ ሕዝብ ፊት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምለምንዎትን አንድ ነገር በትሕትና አቀርባለሁ።

ወንድሜ ቶሮሞን፣ ቡቡቲ። የአሳማ በረትዎን ይስጡኝ።

ከነጣሪያው፣ ከነአጥሩ፣ ከነጋሪው፣ ከሥሩም ካለው ጋር፣ በየቀኑም ከሚደፋበት ትራፊ ጋር። አሳማዎቹን ይዘው ይውጡ፤ ሁለቱን ቢተዉልኝ ግን ስለ አዛባቸው አመሰግናለሁ። አጥሩ ላይ ያለውን የዱባ ቅጠል ዛሬውኑ ብቆርጥ ደስ ይለኛል፣ ለነገ ምሳ ይደርስልኛል። አፈሩ በየቤቱ ይታደላል፣ ስኳር ያለበት ሁሉ ይተክላል። ሰሌዳውን እኛው ሴቶቹ ተሸክመን እዚያ እናቆመዋለን፣ እርስዎም ያለ ምንም ችግር ከየትኛውም ወገን ፎቶ ሊነሱበት ይችላሉ።

ለክብርዎ ያለኝ አክብሮት ከዓመት ዓመት በተነጠቅሁት ልክ እየጨመረ የመጣ መሆኑን እያረጋገጥሁ፣ ጤናን ለሥጋዎ፣ ሰላምን ለቤትዎ፣ ለእጅዎም አንድ ጊዜ መስጠትን እመኛለሁ።

ትሑት እህትዎ
አሪቲታ፣ የሚካኤሬ ሚስት
የታቦንካማ ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ለጊዜው ያለ አካፋ

ግልባጭ፦
ለመንደሩ ሽማግሌዎች፣ እሁድ ከጸሎት በኋላ በማኔያባው ጮክ ተብሎ እንዲነበብ
ለፓስተሩ፣ አንባቢው እሳቸው እንዲሆኑ
ለሲስተር ኢዮአና፣ በጤና ጣቢያው በር ላይ እንዲለጠፍ
ለቡኣንጋ፣ ሳይነበብም በቃሏ ለምታውቀው

ማሳሰቢያ፦ ምናልባት ይህን ልመናዬን እምቢ ለማለት አስበው ከሆነ ፈጽሞ አይሳቀቁ። ቡቡቲ የተባለውን እምቢ ያለ ሰው በታቦንካማ እስካሁን ስላልታየ፣ ቃሉ እንዴት እንደሚወጣ ማንኛችንም አናውቅም፤ እርስዎ ደግሞ መሪያችን ነዎት። እሁድ እለት ሕዝቡ ሁሉ ተቀምጦ ከአፍዎ ይሰማዋል፣ ሴቶቹም ከአሁኑ የፊቱን ምንጣፍ ተሻምተውበታል። ሰኞ ማምሻውን ለቡቡቲ ወደየቤታችን ሲመጡ ቃሉን በደንብ አጥንተን እንጠብቅዎታለን።